ሰነዱ በባላጋራ እጅ ሲሆን ቀነ ገደቡ ለማን ነው?

የመወያያው ጥያቄ፦ በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጋችን ከሳሽ ማስረጃውን ከክሱ፣ ተከሳሽም ከመልሱ ጋር ዘርዝሮ እንዲያቀርብ ያዛል (አንቀጽ 223 እና 234)። ዘግይቶ የመጣ ሰነድ ያለ በቂ ምክንያት አይገባም (አንቀጽ 137)። ይህ ይጥበቅ ወይስ ይላላ?

የአራዳው ጠበቃ፦ ይጥበቅ እንጂ! ባላጋራዬ ምስክሮቼን በሙሉ ሰምቶ፣ የክርክሬን ቀዳዳ አይቶ ሲያበቃ «ተጨማሪ ማስረጃ ይቀበለኝ» የሚል ማመልከቻ ይዞ ብቅ ይላል። ሰነዱን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በቦርሳው ይዞት እንደነበር እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል። በዚህ ላይ የሚራራ ዳኛ ሲገጥመኝ ደሜ ይፈላል።

ባለ መዝገቧ፦ ወንድሜ፣ እርስዎ የሚያወሩት ቦርሳ ስላለው ሰው ነው። እኔ የትርፍ ሰዓት ክፍያ ከሳሽ ነኝ። የገባሁበትንና የወጣሁበትን ሰዓት የፈረምኩበት አረንጓዴ ሽፋን ያለው ትልቅ ደብተር በጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ነበር። ደብተሩ የአሠሪዬ ነው፤ ከየት አምጥቼ ላያይዘው?

የአራዳው ጠበቃ፦ እህቴ፣ ሕጉ ይህን አልዘነጋም። ሰነዱ በማን እጅ እንዳለ በማስረጃ ዝርዝርዎ ላይ ጽፈው ትዕዛዝ መጠየቅ ነው።

ባለ መዝገቧ፦ ጠየቅኩ፤ ትዕዛዙም ተሰጠ። በመጀመሪያው ቀጠሮ «ትዕዛዙ አልደረሰንም» አሉ። በሁለተኛው «እየተፈለገ ነው»። በሦስተኛው ነገረ ፈጃቸው አልመጣም። በአራተኛው በኮምፒውተር የተጻፈ አንድ ገጽ የሰዓት ሠንጠረዥ አመጡ፤ የእኔም ሆነ የማንም ፊርማ የለበትም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እኔ የትርፍ ሰዓቴን በ6 ወር ውስጥ ካልጠየቅኩ በይርጋ ይታገድብኛል። ደብተሩን የደበቀውስ በስንት ወር ይታገዳል?

ከቨርጂኒያ፦ እዚህ አሜሪካ በፌዴራል ፍርድ ቤቶች ተከራካሪ ሰነድ የሚጠይቀው ባላጋራውን በቀጥታ ነው፤ ለእያንዳንዷ ወረቀት ዳኛ ደጅ አይጠናም። ተጠያቂው በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ መመለስ አለበት። እምቢ ካለ ጠያቂው ፍርድ ቤቱ እንዲያስገድደው ያመለክታል። እኔን ከሁሉ ያስገረመኝ ግን «ይህን ፍሬ ነገር እመን ወይም ካድ» ተብሎ የተጠየቀ ወገን 30 ቀን ዝም ካለ እንዳመነ መቆጠሩ ነው።

የአራዳው ጠበቃ፦ የጠበቃውን ሒሳብም አብረው ይንገሩን እንጂ! እዚያ ሀብታም ድርጅት ድሀ ባላጋራውን በጥያቄና በወረቀት ክምር ያደክመዋል ሲባል እንሰማለን።

ከቨርጂኒያ፦ አልክድም፣ ይደረጋል። ጠበቃ የሌለው ሰውም ያቺን 30 ቀን ሳያውቅ ያሳልፍና ያላመነውን እንዳመነ ይቆጠርበታል። የአገሬ ሰው ሲደርስበት አይቻለሁ።

ጡረተኛው ዳኛ፦ ልጆች፣ ሁለታችሁም የያዛችሁት ግማሹን ነው። አንቀጽ 137ን ብናላላው ጠበቃው የሚያማርረው ሰው ይጠቀማል እንጂ ይህች ሴት አንዲት ገጽ አታገኝም። ብናጠብቀውም ሠንጠረዡን ያመጣው ወገን አይነካም። የአሜሪካውን ሥርዓት እንዳለ ማምጣትም ለእኛ ከባድ ነው፤ በችሎታችን የሚቆመው ብዙው ሰው ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ጠበቃ ነው። እኔ የምለው አጭር ነው፦ ትዕዛዙ ሲጻፍ ቀን ይቆረጥበት፤ ሰነዱ በእጁ እንዳለ የተረጋገጠበት ወገን በቀኑ ካላቀረበ፣ ጠያቂው ስለ ሰነዱ ያለው እንደታመነ ይያዝ። በወንበሩ ሳለሁ ይህን አዘውትሬ ባለማድረጌ ይቆጨኛል። የመዝገብ ብዛት ያታክታል፤ «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ብሎ መጻፍ ደግሞ እጅግ ይቀላል።

የአራዳው ጠበቃ፦ ጋሼ፣ ደብተሩ በእውነት ጠፍቶ ቢሆንስ? ያልያዘውን አምጣ ተብሎ ሊፈረድበት ነው?

ጡረተኛው ዳኛ፦ መቼ፣ በማን እጅ እንደጠፋ በመሐላ ያስረዳ። «እየተፈለገ ነው» መልስ አይደለም። ልጄ፣ ለመሆኑ በአንቺ ትዕዛዝ ላይ የተቆረጠ ቀን ነበረ?

ባለ መዝገቧ፦ ግልባጩ እዚሁ አለ፣ አሁን ደግሜ አየሁት። «በአስቸኳይ» ይላል።