ሙቀቱ በረታ፣ የእባቤን ቤት እንዴት ላቀዝቅዘው?

ጥያቄ፦ ጥቁር ቅርፊት
ሰላም ለሁላችሁ። ቦል ፓይተን የምትባል ዓይነት እባብ አለችኝ። ቤቷ ከላይ ወንፊት ያለው የመስታወት ሳጥን ነው። ሰሞኑን ሙቀቱ አላስቀምጥ ብሏል። ቀዝቃዛ መሆን ያለበት ጥግ 32 ዲግሪ ያነባል፣ ሞቃቱ በኩል ደግሞ 36 ገብቷል። ቴርሞስታቱን (የማሞቂያዋን መቆጣጠሪያ) እኮ 31 ላይ ነው ያደረግኩት፣ ለምን አይወርድም? እሷም ጠባይዋ ተቀይሯል። መደበቂያዋን ትታ ቀኑን ሙሉ ውሃ ሳህኗ ውስጥ ተጠቅልላ ትውላለች፣ ማታ ደግሞ አፍንጫዋን ወንፊቱ ላይ እየፈተገች ትዞራለች። ፋን ላብራላት ወይስ በረዶ ላስገባላት? ቶሎ መልሱልኝ እባካችሁ።

መልስ፦ ሳር ውስጥ
ወንድሜ፣ ቴርሞስታት ማሞቂያውን ያጠፋል እንጂ አያቀዘቅዝም። ክፍሉ ራሱ 32 ከሆነ ሳጥኑ ከዚያ በታች ከየት አምጥቶ ይወርዳል? አሁኑኑ ማሞቂያውን ከሶኬት ንቀለው። መብራት ካለም አጥፋው፣ ኤልኢዲም ቢሆን ትንሽ ትንሽ ይጨምራል። ግን አንድ ነገር አልገባኝም። 31 ላይ ተደርጎ ሞቃቱ በኩል 36 ከደረሰ ወይ ፀሐይ እያገኘው ነው ወይ የቴርሞስታቱ ሴንሰር፣ ሙቀቱን የሚለካው ጫፍ ማለት ነው፣ ከቦታው ተንሸራቷል። ሴንሰሩ ውሃ ሳህኑ አጠገብ ወድቆ ከሆነ ቀዝቃዛውን እየለካ ማሞቂያውን ያለ እረፍት ያሠራዋል። እሱን እይ። ሳጥኑስ የት ነው የተቀመጠው?

ጥቁር ቅርፊት
ነቀልኩት። ሴንሰሩ ቦታው ላይ ነው። ሳጥኑ መደርደሪያው አናት ላይ፣ መስኮት አጠገብ ነው ያለው። ከሰዓት በኋላ ትንሽ ፀሐይ ይነካዋል።

መልስ፦ ሳር ውስጥ
በቃ፣ ተገኘ። መስታወት ፀሐይዋን ያስገባል፣ ሙቀቱን ግን እንደ ልብ አያስወጣም። ክፍሉ ለሰው ደህና ሆኖ ሳለ እንኳ ፀሐይ ያረፈበት የመስታወት ሳጥን ቶሎ ግሎ እባብ ሊገድል ይችላል። «ትንሽ ፀሐይ» የሚባል ነገር የለም። ሙቅ አየር ደግሞ ወደ ላይ ስለሚወጣ የመደርደሪያው አናት የክፍሉ ትኩስ ቦታ ነው። ወደ መሬት አውርደው፣ ቢቻል ፀሐይ ወደማይገባበት ክፍል። ከባድ ከሆነብህ ክዳኑ በደንብ የሚገጥምና የአየር ቀዳዳ ያለው ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ለጊዜው አድርጋትና እሱን መሬት ላይ አስቀምጠው።

መልስ፦ እግር አልባ
ምን ያስጨንቃል፣ ውሃ ሳህኑ ውስጥ በረዶ ጣል አድርግበት፣ ያልፍላታል።

መልስ፦ ዋሻ
ኧረ ተው! ስትግል የዋለች እባብ በረዶ ውሃ ውስጥ አትነከርም፣ ድንገተኛ ቅዝቃዜውም ይጎዳታል። በረዶ ካማረህ ውሃ የሞላ ፕላስቲክ ጠርሙስ ፍሪዘር ውስጥ አቆይና በፎጣ ጠቅልለህ ከውጭ፣ በቀዝቃዛው ጥግ በኩል ወንፊቱ ላይ አስተኛው። ቀዝቃዛ አየር ወደ ታች ስለሚወርድ ሥራውን ራሱ ይሠራል። ጠርሙሱ ሲያልበው ፎጣው ይረጥባልና ሳትዘገይ ቀይረው፣ ካልሆነ ውሃው ንጣፉ ላይ እየተንጠባጠበ ያጨቀየዋል። ንጣፉ ጨቅይቶ ከሰነበተ ደግሞ የሆዷ ቅርፊት ይቆስላል።

ፋኑን በተመለከተ፣ እባብ ላብ የላትም፣ ስለዚህ ፋን እኛን እንደሚያቀዘቅዘን እሷን አያቀዘቅዛትም። በቀጥታ ከነፋህባት እርጥበቱን ወስዶ ያደርቃታል። ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ መስኮት ከፍተህ የክፍሉን ሙቅ አየር ለማስወጣት ግን ይጠቅማል። እርጥብ ፎጣ የወንፊቱን ግማሽ ሸፍኖ ፋኑ በላዩ ቢያልፍም ይሠራል። ግማሹን ብቻ ነው ያልኩት፣ ሙሉውን ከሸፈንከው አየር ያጥራታል።

መልስ፦ ቀዝቃዛ ጥግ
ቴርሞሜትሩ ምን ዓይነት ነው? መስታወቱ ላይ የሚለጠፈው ክብ ባለ መርፌው ከሆነ አትመነው። ባለ ሽቦ ዲጂታል ገዝተህ ጫፉን እሷ በምትተኛበት ከፍታ፣ አንዱን በሞቃቱ አንዱን በቀዝቃዛው በኩል አድርግ። ለቦል ፓይተን ሞቃቱ ከ31 እስከ 33፣ ቀዝቃዛው ከ25 እስከ 27 ቢሆን ደህና ነው። አሁን ዓይንህ መኖር ያለበት ቀዝቃዛው ላይ ነው። እባብ ሰውነቷን የምታስተካክለው ቦታ በመቀየር ነው፣ ሁለቱም ጥግ ከሞቀ መሸሻ የላትም። ኮርን ስኔክ የሚባለው ሌላው የእባብ ዓይነት ያላችሁ ደግሞ ከዚህም ዝቅ አድርጉት።

ውሃ ውስጥ መዋሏን ግን በሙቀት ብቻ አትለፈው። ቅንቅንም እንደዚያ ያደርጋል። ሳህኑ ሥር ጥቃቅን ጥቁር ነጠብጣብ ካየህ፣ ወይም ዓይኗ ዙሪያና አገጯ ሥር ቅርፊቱ መሃል የሚንቀሳቀስ ነገር ካለ፣ እሱ ሌላ ሕክምና ይፈልጋል።

መልስ፦ ዋሻ
አፏን ከፍታ ከተነፈሰች፣ ከዛለች፣ አንገቷን ወደ ላይ አንጋጣ ከቀረች ወይም በጀርባዋ ስትገለብጣት መመለስ ካቃታት የሐኪም ጉዳይ ነው። እስክትደርስ ቀዝቀዝ ያለ ክፍል ውስጥ፣ ለብ ባለና ጥልቀት በሌለው ውሃ አቆያት። ጭንቅላቷ እንዳይሰምጥ አጠገቧ ሁን።

ጥቁር ቅርፊት
ተባረኩ። ወደ ውስጠኛው ክፍል አውርጄ መሬት ላይ አደረግኳት፣ መጋረጃም ዘጋሁ። ዲጂታሉ አሁን በቀዝቃዛው በኩል 27፣ በሌላው 29 ይላል። ቅንቅን የለም፣ በባትሪ አየሁ። ከሳህኑ ወጥታ መደበቂያዋ ገብታለች። ነገ የምግብ ቀኗ ነው፣ ልስጣት? ማሞቂያውንስ መቼ ልሰካው?

መልስ፦ ቀዝቃዛ ጥግ
ምግቡን አቆየው። ስትግል የሰነበተች እባብ ብትበላ ልታስመልሰው ትችላለች፣ ካስመለሰች ደግሞ ሁለት ሳምንት ያህል መጠበቅህ ነው። ጤነኛ ትልቅ ቦል ፓይተን አንድ ምግብ ቢዘለል ምንም አይላትም። ጥቂት ቀን ተረጋግታ ከዋለች ከወትሮው አነስ ያለ ስጣት።

ማሞቂያውን ሌሊት ክፍሉ ከ24 በታች መውረድ ሲጀምር መልሰህ ሰካው። ከመሰካትህ በፊት ሴንሰሩን በቴፕ ሳይሆን በማይላቀቅ ነገር እሰረው። ቴፕ ከተላቀቀ ቅርፊቷ ላይ ይለጠፍና ሌላ ጣጣ ነው።