በዚብራሽ የምሠራው ፊት ሁልጊዜ ጎርባጣ የሚሆነው ለምንድን ነው?

ጀማሪ ቀራጺ፦
ሰላም ለሁላችሁም። በእርሳስ መሳል የቆየ ልምዴ ቢሆንም ዚብራሽ በሚባለው ሶፍትዌር ወደ ዲጂታል ቅርጻ ቅርጽ የገባሁት በቅርቡ ነው። መጀመሪያ ላይ የምቀርጸውን ሉል ላዞረው ብዬ ስጎትት ሸራው ላይ ሌላ ሉል ይጨመርብኝ ነበር፤ ኤዲት የሚለውን ቁልፍ መጫን እንዳለብኝ ካወቅሁ በኋላ ከዚህ ተገላግያለሁ። አሁን የቸገረኝ ሌላ ነው። ከሉሉ ላይ አፍንጫ ስስብ ገጽታው ይለጠጥና ጠርዙ ይቆራረጣል። ይህን ለማስቀረት ገጽታውን የሚከፋፍለውን የዲቫይድ ቁልፍ ደጋግሜ ስጫን ደግሞ ፊቱ በሙሉ ጎርባጣ ይሆናል፤ ሺፍትን ይዤ ባለሰለስኩት ቁጥርም ጉንጩና አገጩ አብረው ይጠፋሉ። ኮምፒውተሩም መንቀራፈፍ ይጀምራል። ችግሩ የእኔ ነው ወይስ የሶፍትዌሩ? ወደ ሌላው ሶፍትዌር፣ ወደ ብሌንደር ብዛወር ይሻለኝ ይሆን?

ባለመረቡ፦
በእጅዎ የያዙት ነገር ጭቃ ቢመስልም ጭቃ አይደለም፤ በጥቃቅን ባለአራት ማዕዘን ገጾች (ፖሊጎኖች) የተሠራ መረብ ነው። አፍንጫውን ሲስቡ አዲስ ፖሊጎን አይፈጠርም፣ የነበሩት ብቻ ይለጠጣሉ። ዲቫይድ ደግሞ እያንዳንዱን ፖሊጎን ለ4 ይከፍለዋል፤ 6 ገጽ ያለው ኪዩብ ስድስት ጊዜ ቢከፈል 24,576 ይደርሳል ማለት ነው። የተለጠጠውም ቦታ እንደተለጠጠ ይከፋፈላል እንጂ አይስተካከልም። ለእርስዎ የሚበጀው ዳይናሜሽ ነው፤ መረቡን ከነቅርጹ እንደ አዲስ እኩል አድርጎ ይሠራዋል። በቱል ሜኑ ውስጥ ጂኦሜትሪ በሚለው ሥር ያገኙታል። አንዴ ካበሩት በኋላ ቅርጹ በተለጠጠ ቁጥር ኮንትሮልን ይዘው ባዶው ሸራ ላይ መጎተት ብቻ ይበቃል። ሪዞሉሽኑን (የመረቡን ጥግግት) ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፣ ዲቫይድንም ለመጨረሻው ያቆዩት።

ከጎን ተመልካች፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ጉርብጥብጡ ግን በዳይናሜሽ ብቻ አይጠፋም። ፖሊጎኑ ብዙ፣ ብራሹም ትንሽ በሆነ ጊዜ እያንዳንዱ ምት የየራሱን እብጠት ትቶ ያልፋል። ፖሊጎኑ ጥቂት ሲሆን ግን አንድ ነጥብ ማንቀሳቀስ ጉንጩን በሙሉ ያንቀሳቅሳል፣ ስለዚህ ለመጎርበጥ ዕድል አይኖረውም። ቅርጹን የሚገፋውንና የሚስበውን ሙቭ ብራሽ በትልቁ ይያዙና የራስ ቅሉን፣ የመንጋጋውንና የዓይን ጉድጓዱን ቅርጽ ሳይጨርሱ ስለ ከንፈር አያስቡ። እኔ ከሶፍትዌሩ ይልቅ የምጠረጥረው ሌላ ልማድ አለ፦ በእርሳስ የለመደ ሰው ፊቱን ከፊት ለፊት ብቻ እያየ ይሠራዋል፤ በጎን ሲያዞረው ሁለቱም ዓይኖች ከአፍንጫው ሥር ጋር እኩል ወጥተው ያገኛቸዋል። ከጎን፣ ከላይና ከአገጭ ሥር ደጋግመው ይመልከቱት። ፍላት ከለር የሚባለውን ማቴሪያል ለጊዜው ቢመርጡ ጥላው ጠፍቶ የዙሪያው መስመር ብቻ ስለሚታይ ስሕተቱ ወዲያው ይገለጣል። የዲቫይድ ደረጃዎች ካሉዎት ደግሞ ወደ ታችኛው ደረጃ ወርደው ያለስልሱ፤ ጉንጩን የሚያጠፋብዎት ከላይኛው ደረጃ ላይ ሆኖ መፋተግ ነው።

የብሌንደር ተጠቃሚ፦
ብሌንደር ነጻ ስለሆነ በገንዘብ ምክንያት ቢዛወሩ እደግፋለሁ፣ ጎርባጣውን ለማምለጥ ከሆነ ግን እዚህም ያገኙታል። ሪሜሽ አለ፣ የዳይናሜሽን ያህል ይሠራል። የራሱ ወጥመድም አለው፤ ዕቃውን በኦብጀክት ሞድ አሳድገው ስኬሉን አፕላይ ሳያደርጉ (አዲሱን መጠን ሳያጸድቁ) መቅረጫው ወደሆነው ስከልፕት ሞድ ከገቡ ብራሹ እንዳሰቡት አይታዘዝም። ቁልፎቹም ያደናግራሉ፦ ዚብራሽ ላይ ብራሹን ገልብጦ ለመጎድጎድ ኦልት ሲያዝ፣ እዚህ የሚያዘው ኮንትሮል ነው።

ጀማሪ ቀራጺ፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ሪዞሉሽኑን ዝቅ አድርጌ ስጀምር አፍንጫው ያለ ችግር ወጣልኝ። ነገር ግን ዳይናሜሹን ባደስኩ ቁጥር ላይኛውና ታችኛው ከንፈር ይጣበቃሉ፣ የዓይን ቆቦቹም እንዲሁ። ይህስ ከምን የመጣ ነው?

ባለመረቡ፦
በጣም የተቀራረቡ ገጾችን ዳይናሜሽ እንደ አንድ ቆጥሮ ስለሚያዋህዳቸው ነው። አሁን ትልልቁ ቅርጽ ስላለቀ ሪዞሉሽኑን ትንሽ ከፍ ማድረግ ይችላሉ። ከዚያም በላይ የሚረዳው አፉን በጥቂቱ ከፍቶ መሥራትና ዳይናሜሽን ጨርሰው ካጠፉ በኋላ በሙቭ መክደን ነው። የዓይን ኳሱን ግን በተለየ ሰብቱል (ራሱን የቻለ የሥራው ክፍል) እንደ ሙሉ ሉል ያስገቡትና ቆቡን በላዩ ላይ ይገንቡ፤ የተለያዩ ሰብቱሎች ዳይናሜሽ ሲታደስ እርስ በርስ አይጣበቁም።