ክርክር፦ የተሳቢ ሹፌር በቢያጆ ይከፈለው ወይስ በወር ደመወዝ?

ለክርክር የቀረበው፦ ከባሕር ዳር ጅቡቲ የሚመላለሱ ሹፌሮች አብዛኞቹ የሚቆረጥላቸው ደመወዝ ትንሽ ነው፤ ዋናው ገንዘብ የሚመጣው ከውሎ አበልና ከቢያጆ፣ ማለትም በየጉዞው ከሚከፈለው ነው። ይህ አከፋፈል ቤት ያቆማል ወይስ ቤት ያፈርሳል?

ባለንብረት፦ የቢያጆ ክፍያ ይቀጥል ባይ ነኝ። መኪናው ከቆመ ገቢ የለም፤ የባንክ ዕዳው ግን አይቆምም። በወር ብቻ የሚከፈለው ሹፌር ለመመለሻ ጭነት የሚሯሯጥበት ምክንያት አይኖረውም። ጎበዝ ሹፌር ራሱ የወር ደመወዝ አይወድም። በሠራ ቁጥር ሲያገኝ ልጆቹን ያስተምራል፣ ቤት ይሠራል።

ሹፌር፦ ጋሼ፣ ነገሩን በኪሎ ሜትር እንየው። ከባሕር ዳር አዲስ አበባ 560 ገደማ ነው፤ ከዚያ በአዋሽ፣ በሚሌና በጋላፊ ጅቡቲ 900 ያህል። ደርሶ መልሱ 2,900 አካባቢ ይሆናል። እስከ 400 ኩንታል የሚጭን ተሳቢ ዳገቱ፣ ቁልቁለቱና ኬላው ተደምሮ በሰዓት በአማካይ 40 ቢሄድ፣ መሪ ላይ የሚቀመጡበት ሰዓት ብቻ 72 ነው። በቀን 8 ሰዓት የሚነዳ በ9 ቀን ይጨርሰዋል፤ 14 ሰዓት የሚነዳ በ5 ቀን ይጨርሰዋል። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው የትኛውን ይመርጣል? የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት መደበኛ ሥራ ይላል፤ ትርፍ ሰዓት በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 አይበልጥም። ሲደመር 60 ነው። 14 ሰዓት በ5 ቀን ሲባዛ 70 ይመጣል። ሕጉን የሚያስጥሰው ሹፌሩ ሳይሆን አከፋፈሉ ነው።

ባለንብረት፦ እኔ 14 ሰዓት ንዳ አላልኩም እኮ።

ሹፌር፦ አላሉም። ግን ያልነዳበትን ቀን አይከፍሉም።

መካኒክ፦ ድካሙ መጀመሪያ የሚታየው ፍሬን ላይ ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ያለው የአባይ በረሃ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከአዲስ አበባ በኩል ጭኖ የሚመጣው ሰው ቁልቁለቱን የሚያገኘው ቀኑን ሙሉ ከነዳ በኋላ ነው። የደከመ ሹፌር ማርሹን ሳያወርድ ይገባና መኪናውን በእግር ፍሬን ብቻ ሊይዘው ይሞክራል። የፍሬን ሸራውና ታምቡሩ ሲፋጩ ይግላሉ፤ ከመጠን በላይ የጋለ ሸራ መያዝ ያቆማል። ያኔ ደጋግሞ ሲረግጥ ደግሞ ፍሬኑን የሚያሠራው የአየር ጋን ይራቆታል። አወራረዱን ሁሉም ያውቀዋል፦ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ቆሞ የአየር ጌጁን ማየት፣ ዳገቱን በምትወጣበት ወይም ከዚያ ባነሰ ማርሽ መውረድ፣ ሞተር ፍሬን ማብራት፣ የእግር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱ ሲበርድ ፈጥኖ መልቀቅ። ቁልቁለት መሀል ማርሽ ልቀንስ ብሎ ፍሪሲዮን የረገጠ ሰው ማርሹ አልገባ ካለው መኪናው ዜሮ ላይ፣ ያለ ማርሽ ይቀርበታል። ይህን የማያውቅ የተሳቢ ሹፌር የለም። በ13ኛው ሰዓት ግን እጅና እግር የሚያውቁትን አያደርጉም።

የሹፌር ባለቤት፦ መንገዱን አወራችሁት፤ ስለ ቤቱ እኔ ልናገር። መኪናው ባሕር ዳር ሁለት ሌሊት ካደረ፣ አንዱን ሌሊት ሹፌሩ የሚያድረው ጋቢና ውስጥ ነው፤ ባትሪና ናፍጣ እንዳይሰረቅ። ቀኑን ጋራዥ ይውላል፤ ዘይት ይቀየራል፣ ግራሶ ይደረጋል፣ ፍሬን ይጠበቃል፣ ጎማ ይገላበጣል። ልጆቹ የሚያገኙት እንቅልፍ የጣለውን አባት ነው። በቢያጆም ይከፈል በወር፣ ውሉ ላይ የ24 ሰዓት የቤት ቀን ካልተጻፈ ለውጥ የለም። አዋጁም ቢሆን በሳምንት ያልተቆራረጠ 24 ሰዓት ዕረፍት ይሰጣል። መኪናው ጥበቃ ባለው ግቢ ይቁም፣ ኪራዩን ባለንብረቱ ይክፈል፣ ጋራዥ የሚውለው ረዳቱ ይሁን። ሌላው ገንዘቡ ነው። የቢያጆ ሒሳብ የሚዘጋው ደረሰኝ ሁሉ ተሰብስቦ ነው፤ አንድ የናፍጣ ደረሰኝ ከጠፋ ክፍያው ይንጓተታል፣ ቤት ደግሞ ከሱቅ በዱቤ ይበላል። የቤት ወጪው ከመንገድ ወጪው ተለይቶ፣ ቀኑ ታውቆ፣ በሚስት አካውንት ይግባ።

ባለንብረት፦ እህቴ፣ የጥበቃ ግቢውን እቀበላለሁ። ረዳቱ ብቻውን ጋራዥ ይዋል የሚለውን ግን አልችልም። የሚያንኳኳውን ድምፅ የሚያውቀው የነዳው ሰው ነው።

መካኒክ፦ ለዚህማ መፍትሔ አለው። ሹፌሩ መኪናውን ሲያስረክብ ግማሽ ሰዓት አብሮን ይንዳ፣ ጉድለቱን በወረቀት ያስመዝግብ። ከዚያ ወደ ቤቱ ይሂድ።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ማንም ያላነሳው ጡረታው ነው። በአዋጁ ውሎ አበልና ኮሚሽን ደመወዝ አይባሉም። ጡረታ የሚቆረጠው ከደመወዝ ላይ ነው፦ ከሠራተኛው 7 በመቶ፣ ከአሠሪው 11 በመቶ። ለምሳሌ ደመወዙ 4,000 ብር፣ አበልና ቢያጆው 20,000 ብር ቢሆን፣ በወር ለጡረታ የሚገባው 720 ብር ብቻ ነው። 24,000ው ሁሉ ደመወዝ ቢሆን ኖሮ 4,320 ይሆን ነበር። ሹፌሩ አደጋ ደርሶበት ቢሞት ሚስትና ልጆቹ የሚያገኙት አበል የሚሰላው በዚያችው በትንሿ ደመወዝ ነው። የስንብት ክፍያውም እንዲሁ። ሹፌሮችም ግብር እንዳይቆረጥባቸው በዚህ ይስማማሉ፤ ጥፋቱን ለባለንብረት ብቻ መስጠት ልክ አይደለም።

ሹፌር፦ እውነት ነው፣ እኛም ጥሬ ገንዘቡን እንመርጣለን። ግን መንገድ ሲዘጋ አስቡት። የ10 ቀን በሶና ድርቆሽ ተቋጥሮለት የወጣ ሹፌር ሌላ 8 ቀን ሲቆም ስንቁም ገንዘቡም ያልቃል። በቢያጆ የሚከፈለው ሰው “አትሂድ” እየተባለ የሚሄደው ለዚህ ነው። እኔ የምጠይቀው ከጠቅላላ ገቢው ቢያንስ ግማሹ ደመወዝ ይሁን፣ የቆመበት ቀን ይከፈል፣ ጉርሻው በቢያጆ ብዛት ሳይሆን በጎማና በናፍጣ አያያዝ ይሁን ነው።

ባለንብረት፦ የቆመበትን ቀን እኔ ከየት አምጥቼ ልክፈል? መንገድ ሳይዘጋም መጋዘን ደጃፍ የሚያቆመው ባለጭነቱ ነው።

የሒሳብ ሠራተኛ፦ ከባለጭነቱ ይጠይቁ። በማጓጓዣ ውሉ ላይ ለመጫንና ለማውረድ ስንት ሰዓት ነጻ እንደሆነ ይጻፍ፤ 48 ሰዓት ካላችሁ ከ49ኛው ጀምሮ በቀን ስንት ብር እንደሚከፈል ከሥሩ ይግባ። ሹፌሩም መጋዘን እንደደረሰ፣ የጭነቱን ሸራ ሳይፈታ፣ የደረሰበትን ቀንና ሰዓት በጭነት ሰነዱ ላይ ያስፈርም። ያልተፈረመ ሰዓት አይከፈልም።