ሰርቨሩና ክላየንቱ አንድ ፕሮሰስ ውስጥ ሲሆኑ የሰርቨሩን ሜሞሪ እንዴት ልለካ?

ሰላም ወገኖች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኛል። ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ቁጭ ብዬ በጎላንግ የተጻፈ የጂአርፒሲ (አንድ ፕሮግራም የሌላውን ፈንክሽን ከርቀት የሚጠራበት ዘዴ) ሰርቨር እየሞከርኩ ነው። ያለኝ አንድ ላፕቶፕ ነው። መብራቱም እንዳሻው ይሄዳል፤ ሁለተኛ ማሽን አይታሰብም። ስለዚህ ሰርቨሩንም ክላየንቱንም እዚያው አንድ ቴስት ውስጥ አስነሳቸዋለሁ።

ለቴስት ግሩም ነው። በቡፍኮን (ኔትወርክ ሳይነካ በሜሞሪ ውስጥ በሚያገናኝ ፓኬጅ) ስለማገናኛቸው ፖርት ተይዟል የሚል ጣጣ የለም። ዲበገሩም ከጥያቄው እስከ መልሱ ይከተላል። ሌላው የሜሞሪ ውስጥ ማገናኛ፣ ኔት ፓይፕ፣ ባፈር (ዳታ ማቆያ) ስለሌለው፣ ጻፊው አንባቢውን ቆሞ ስለሚጠብቅ ተውኩት።

መከራው ቤንችማርኩ (ፍጥነትና ሜሞሪ የሚለካው ቴስት) ላይ ነው። ለአንድ ጥያቄ ስንት ባይት ሜሞሪ እንደተመደበ የሚያሳየው ቁጥር የሁለቱ ድምር ነው። ጋርቤጅ ኮሌክተሩም (የማያስፈልግ ሜሞሪ ጠራጊው) የጋራ ነው፤ ክላየንቱ ቆሻሻ ሲያበዛ ሰርቨሩም አብሮ ይቀጣል። ፒፕሮፍ (የጎላንግ ፕሮፋይል ማያ መሣሪያ) ላይ ሌብል ስለጥፍ ሲፒዩው ተለየልኝ። የሜሞሪ ምደባውን የሚያሳየው የሂፕ ፕሮፋይል ግን ሌብል የሚባል ነገር አያውቅም። በፈንክሽን ስም ላጣራ ብል ደግሞ ፕሮቶባፉን (መልእክቱን ወደ ባይት የሚቀይረውን ላይብረሪ) ሁለቱም ይጠሩታል፣ ያው ድብልቅልቅ።

እናንተ የሰርቨሩን ድርሻ ለብቻው እንዴት ታወጣላችሁ? ክላየንቱን ወደ ሌላ ፕሮሰስ ከማውጣት ውጭ መላ ካለ በናታችሁ ጠቁሙኝ። ኮዱን ማየት ለሚፈልግ ቆርጬ እለጥፋለሁ።