«አለፈ» ሲሉ ጸደቀ ነው ወይስ ሞተ? የአሜሪካን ምክር ቤት የምታውቁ እስኪ ዳኙኝ

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ጀማው እንዴት ዋላችሁ። በርበሬ ወንዝ አካባቢ ቡና አፍልቼ ነው የምተዳደረው። ከደንበኞቼ አንድ የባጃጅ ሾፌርና አንድ ጥበቃ አሉ፤ ሁለቱ ከተገናኙ ስኒ አይነሣም፣ ክርክር ብቻ። ትናንት በአጎዋ (የአፍሪካ ዕቃ ያለ ቀረጥ አሜሪካ እንዲገባ በሚፈቅደው ዕድል) ተያዙ። ባለባጃጁ «ኤችአር 6600 የሚሉት ስለ ኢትዮጵያ የተረቀቀው ሕግ በአሜሪካ ኮንግረስ አልፏል፣ አጎዋን የቆረጠብን እሱ ነው» ይላል። ጥበቃው «ምን አልፏል ትላለህ፣ ሞቷል! የቆረጠን ባይደን ራሱ ነው» ይላል። የተሸነፈ የሁለቱንም የሳምንት ዱቤ ሊከፍል ተወራረዱና እኔን ዳኛ አረጉኝ።

ነገሩ እኔንም ይቆረቁረኛል። የእህቴ ልጅ ከወረኢሉ መጥታ ሼድ ውስጥ ማሽን ላይ ነበረች። የሱሪ ኪስ ነበር የምትሰፋው፤ ቀኑን ሙሉ ኪስ፣ ወገብ ለሌላ፣ ዚፕ ለሌላ። ከጦርነቱ መልስ «ከአሜሪካ ትእዛዝ የለም» ተብላ ተሰናበተች። የመጨረሻ ደሞዟን እንኳ በቅጡ አልሰጧት። ማን እንደቆረጠን ባውቅ ምን አገኛለሁ? ምንም፤ ግን ማወቅ እፈልጋለሁ። ደግሞ ይቺ «አለፈ» የምትባል ቃል! እኛ ዘንድ ተማሪም ያልፋል፣ ሰውም ያልፋል።

ጦሳ ሥር (ደሴ)

እታለም አትድከሚ። አሜሪካ ፕሬዚዳንቱ ያለው ነው፣ ሌላው ለቴሌቪዥን ነው። ባለባጃጁ ይክፈል፣ አለቀ።

ጡረተኛው መምህር (ሐይቅ)

ጦሳ ሥር ወንድሜ፣ ፍርድህ ልክ ነው፣ ምክንያትህ ግን አይረባም። ሥነ ዜጋ ሳስተምር ጠመኔ የበላሁ ሰው ነኝና ትንሽ ልርዘም።

የኔ እናት፣ መጀመሪያ ቀኑን ብቻ እይው። ባይደን ኢትዮጵያን ከአጎዋ ሊያስወጣ እንደሆነ ለኮንግረስ ያሳወቀው ጥቅምት 23 ቀን 2014 ነው። ከጊኒና ከማሊ ጋር የወጣነው ታኅሣሥ 23፣ ልክ በ60ኛው ቀን፤ ሕጉ «60 ቀን አስቀድመህ አሳውቅ» ስለሚል ነው። ኤችአር 6600 ደግሞ ለምክር ቤት የቀረበው ጥር 27 ነው። እኛ ከወጣን ከወር በኋላ ማለት ነው። ገና ያልተወለደ ልጅ እንዴት አድርጎ ይሰርቃል? ባለባጃጁ እዚህ ላይ ተረትቷል።

ግን «ፕሬዚዳንቱ ያለው ነው» ማለትም አይደለም። አጎዋ ሕግ ነው። ኮንግረስ፣ ማለትም ተወካዮቹና ሴኔቱ አንድ ላይ፣ አውጥቶት ቢል ክሊንተን በ1992 ግንቦት ፈረመው። ሕጉ ራሱ መስፈርቱን ዘርዝሮ (ገበያ፣ የሕግ የበላይነት፣ ሰብዓዊ መብት) ፕሬዚዳንቱ በየዓመቱ አገር በአገር እየመዘነ እንዲያስገባና እንዲያስወጣ ሥልጣን ሰጠው። ቤቱን የሠራው ኮንግረስ ነው፤ ቁልፉን ግን ለፕሬዚዳንቱ ሰጠው። ለዚያ ነው እኛን ለማስወጣት ድምፅ መስጠት ያላስፈለገው። ባይደን አንድ አዋጅ ፈርሞ ጨረሰው።

አሁን ወደ «አለፈ» ልምጣ። በኔ ዕድሜ ስለ ኢትዮጵያ ሦስት ጊዜ «አለፈ» ተብሎ ሰምቻለሁ፣ ሦስቱም ልዩ ልዩ ነው።

ሚሊኒየሙን ባከበርን በሦስተኛው ሳምንት ኤችአር 2003 አለፈ ተባለ። አዎ፣ በተወካዮች ምክር ቤት አልፏል። ከዚያ ወደ ሴኔት ሄደና እዚያው ቀረ። እኛ ጋ የተወካዮች ምክር ቤት 547 መቀመጫ አለው፣ እሱ ካጸደቀ በቃ፤ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ሕግ አያወጣም። ፕሬዚዳንቱም በ15 ቀን ባይፈርም ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 57 ላይ ያለ ፊርማውም ይጸናል ይላል። ስለዚህ ጆሯችን የለመደው አንድ በር ነው። እነሱ ጋ 435ቱ ተወካዮች ያሉትን 100ዎቹ ሴናተሮችም ካላሉት ወረቀት ነው። የሴኔቱ ብሶ የሚገርም ነው። ለማጽደቅ ግማሽ ሲደመር አንድ ይበቃል፤ ነገር ግን ክርክሩን ዘግቶ ወደ ድምፅ ለመግባት ለአብዛኛው ሕግ 60 ሰው ይፈለጋል። 55 ደጋፊ ይዘህ ድምፅ መስጫው ሳትደርስ ልትቀር ትችላለህ። ተማሪዎቼ ይሄን ስነግራቸው «ቲቸር ተሳስተዋል» ይሉኝ ነበር።

ሁለተኛው በ2010 ሚያዝያ 2 ነው፣ ሁላችን «ኤችአር 128» የምንለው። ስሙ ራሱ ስሕተት ነው። «ኤችአር» ረቂቅ ሕግ ነው፤ የ128ቱ ግን «ኤች ሬስ» ነበር፣ ማለትም የአንዱ ምክር ቤት የውሳኔ ሐሳብ። ወደ ሴኔት አይሄድም፣ ፕሬዚዳንቱ አይፈርመውም፣ ማንንም አያስገድድም። ያ ቤት «እኛ እንዲህ ይሰማናል» ብሎ የተናገረው ነው። በእርግጥ አለፈ፣ ሙሉ በሙሉ አለፈ፤ ሕግ ግን ሊሆን የተሠራ አልነበረም። ያን ሰሞን ሐይቅ ላይ ሳይቀር ማዕቀብ መጣ ተብሎ ነበር።

ሦስተኛው ይሄ 6600 ነው። ያለፈው የውጭ ጉዳይ ኮሚቴውን ብቻ ነው፣ የካቲት መግቢያ ላይ። ኮሚቴ ማለት የጓዳ ሥራ ነው፤ ሙሉ ምክር ቤቱ አንድ ቀን እንኳ ድምፅ አልሰጠበትም። የእነሱ ምክር ቤት ዕድሜ ሁለት ዓመት ነው። 435ቱም በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ፣ ከሴናተሮቹም ሲሶው። ዘመኑ ሲያልቅ ያላለቀ ረቂቅ ሁሉ አብሮ ይሞታል፣ በውርስ አይተላለፍም። ያ ምክር ቤት ታኅሣሥ 25 ቀን 2015 አበቃ፣ 6600ም አብሮ አበቃ። ለእሱ ብቻ አይምሰልሽ፤ በአንድ ዘመን ከ10 ሺህ በላይ ረቂቅ ይቀርባል፣ ሕግ የሚሆነው ጥቂት መቶ ነው።

(ሦስቱን ያቀረቡት ሰዎች፣ ዶናልድ ፔይን፣ ክሪስ ስሚዝና ቶም ማሊኖውስኪ፣ ሦስቱም ያኔ የኒው ጀርሲ ተመራጮች ነበሩ። ይሄ ምን እንደሆነ እንጃ።)

የባቲ ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መምህር ዕድሜ ይስጥልን። እኔ እዚህ ሆኜ ያየሁትን ልጨምር። የ6600 ጊዜ ሁላችን ወደ ተመራጮች ቢሮ ደዋይ ሆነን ነበር። ከሌሊት ሥራ ገብቼ ሳልተኛ እደውላለሁ። ስልኩን ተመራጩ የሚያነሣ መስሎኝ ንግግር አጥንቼ ነበር! ልጅ እግር ነው የሚያነሣው፣ ገና ከኮሌጅ የወጣ፣ መጀመሪያ የሚጠይቅህም ዚፕ ኮድህን (የሰፈርህን የፖስታ ቁጥር) ነው። አንድ የሌላ ስቴት ተመራጭ ቢሮ ደውዬ የሜሪላንዱን ስነግረው «ወደ ራስህ ተመራጭ ደውል» ብሎ በትሕትና ሸኘኝ። ወደ ራሴ ስደውል ግን «ትቃወማለህ ወይስ ትደግፋለህ?» አለኝ፣ መዘገበኝ፣ አለቀ። የሦስት ገጽ ንግግሬ አንድ ጭረት ሆነ። ወላሂ መጀመሪያ ከፋኝ። ኋላ ሲገባኝ ተመራጩ የሚፈራው የገዛ ወረዳውን ሰው ነው፣ በሁለት ዓመት ተመልሶ ደጁ ይቆማላ።

6600ን ያቀረበው ማሊኖውስኪ በፈረንጆቹ አቆጣጠር በዚያው ዓመት ኅዳር ምርጫ ተሸነፈ። እዚህ ቡና ቤት ሁሉ «እኛ ነን የጣልነው» ይላል። ደውለናል፣ በር አንኳኩተናል፣ አልክድም። ግን ወረዳው በፈረንጆቹ ከ2020ው የሕዝብ ቆጠራ በኋላ እንደገና ሲሰመር ሪፐብሊካን በዝቶበት ነበር። እሱ ደግሞ ዴሞክራት ነው። ውሃ ወደ ቁልቁል ሲሄድ «እኔ ነኝ የገፋሁት» ማለት ይወዳል ያገሬ ሰው።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ኧረ ተባረኩ! መምህር፣ እኔ በቡና ገባኝ። ተወካዮቹ አቦል፣ ሴኔቱ ቶና፣ ፕሬዚዳንቱ በረካ። 2003 አቦሉ ተጠጥቶ ጀማው ተበተነ። 6600 ገና ቡናው እየተቆላ ነበር። 128 ደግሞ ቡናም አይደለም፣ ምርቃት ብቻ ነው። ልክ ነኝ?

ጡረተኛው መምህር (ሐይቅ)

ሸጋ ብለሻል! ሁለት ነገር ግን አርሚልኝ። ቶና ከአቦል ይቀጥናል፤ እዚያ ግን ሁለቱ ምክር ቤቶች የሚያጸድቁት ቃል በቃል አንድ መሆን አለበት። ሴኔቱ አንዲት ቃል ካቀጠነ ተመልሶ ለተወካዮቹ ይቀርባል። በረካውን ደግሞ ፕሬዚዳንቱ «አልጠጣም» ሊል ይችላል። ያኔ ሁለቱም ቤቶች በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካጸኑት ያለ እሱ ሕግ ይሆናል። ዝም ብሎ ስኒውን ይዞ ከተቀመጠ እሑድ ሳይቆጠር በ10 ቀን ይጸናል፤ ነገር ግን በዚያ መሀል ምክር ቤቱ ተበትኖ ከሄደ ቡናው ይደፋል። ይቺን ፈተና ላይ የሚመልስልኝ ተማሪ ጥቂት ነበር።

የቦርከናዋ (ኮምቦልቻ)

ዛሬ ፈረድሁ። ጥቅምት 23 የሚለውን ለእህቴ ልጅ ስነግራት «ያን ሰሞን እኮ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ውስጥ ወለል ላይ ነበር የተኛነው» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እኛ ስንሸሽ ነው የባይደን ደብዳቤ የተጻፈው፣ ማን ዜና ሰምቶ።

ጥበቃው ደስ ብሎት የማያውቀውን ሁሉ ቡና ጋበዘ፣ በባለባጃጁ ሒሳብ። ባለባጃጁ ግን «ሕጉን ያወጣው ኮንግረስ ነው ካሉ እኔም ግማሽ ልክ ነኝ» ብሎ ግማሹን ብቻ ቆጥሮ ሰጠኝና ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። መምህር፣ ለዚህስ አንቀጽ አለው?