ኡዱና ሲንቱ አልገጥም ብለውኛል፣ ነገ ማታ መድረክ አለብን፣ እርዱኝ

የሻርጃው፦ ሰላም ቤተሰብ እባካችሁ ቶሎ። እዚህ አንድ ሶሪያዊ ኡድ (ጊታር መሰሉ የአረብ መሣሪያ) ተጫዋች አለ አብረን ነው ምንሠራው፣ እሱ ይመታል እኔ በላፕቶፕ ቢትና ፓድ (ከስር የሚነጠፍ ረጅም የሲንት፣ ማለትም የኤሌክትሮኒክ ኪቦርድ ድምፅ) አስገባለሁ። ትናንት ኡዱን ቀዳነው፣ ለብቻው ስትሰሙት ማር ነው። ፓዱን ከስር ሳስገባ ግን አንዳንድ ቦታ ላይ ጥርስ ያፋጫል፣ ሁሌ አይደለም። ፒች ቤንድም (ድምፁን በሙሉ ከፍ ዝቅ ማድረጊያውን) ሞከርኩ ባሰ። እሱ ኡዴ ተቃኝቷል ይላል፣ ሲንቱም ልክ ነው። ምን ላድርግ?

ቦሌ ሚክስ፦ አውቶቲዩን (ቅኝት አራሚውን) ጫንበትና ተገላገል

መሰንቆ ወዳጅ፦ መቃሙ (የአረቦቹ ቅኝት) ምንድነው? ከየት ነው የሚነሳው? ፕሮግራሙስ? ሐኪም ቤት ገብተህ አመመኝ ብለህ ዝም አልክ እኮ

የሻርጃው፦ ይቅርታ ተጣድፌ ነው። ራስት ነው ያለኝ፣ ከዶ። አብልተን 11

ጋሽ ቅኝት፦ ልጄ፣ ሁለታችሁም ልክ ናችሁ ችግሩም እሱ ነው። ሲንት ኦክታቩን (ከዶ እስከ ላይኛው ዶ) 12 ቦታ እኩል ይቆርጠዋል፣ በየመሀሉ 100 ሴንት፣ የድምፅ ርቀት መለኪያ ነው። ኡድ እንደ መሰንቆ ፍሬት (አንገቱ ላይ የጣት ቦታ መለያ) የለውም፣ ጣት የፈለገበት ያርፋል። ራስት ላይ ሦስተኛዋ፣ አረቦቹ ሲካህ የሚሏት፣ ከሚ ዝቅ ከሚ ቤሞል (100 ሴንት ከወረደችው ሚ) ከፍ ትላለች፣ ከዶ 350 ሴንት አካባቢ። ሰባተኛዋ ሲም እንደዚያው ናት። እ.ኤ.አ. በ1932 ካይሮ ላይ ትልቅ የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ተቀምጠው 24 ቦታ እኩል እንቁረጠው አንቁረጠው ሲከራከሩ ሳይስማሙ ቀሩ። ኤሌክትሮኒኩም ቢሆን እዚያው ካይሮ አዲስ አይደለም፣ ግብፃዊው ሀሊም ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1944 የዛር ሥርዓት በሽቦ መቅረጫ ቀድቶ ድምፁን ስቱዲዮ ውስጥ እየለዋወጠ ሠርቶበታል። በኋላ አዲስ አበባ መጥቶ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመው እሱ ራሱ ነው እኮ...

ሳቂታው፦ ጋሼ ልጁ ነገ ማታ ነው ያለው እርስዎ ገና 1944 ላይ ነዎት 😂

ቦሌ ሚክስ፦ አውቶቲዩን አልኩ እኮ

መሰንቆ ወዳጅ፦ አውቶቲዩን ሲካኋን ጎትቶ ወይ ሚ ወይ ሚ ቤሞል ላይ ይጥላታል፣ ራስቱ ሜጀር ሆኖ ቁጭ። ሰውየው ኡዱን አንጠልጥሎ ነው የሚሄድብህ

ደረቅ እውነት፦ እኔ ግን ፓድ ምን ይሠራል ባይ ነኝ። ኡድ ስር ሙሉ ኮርድ ማንጠፍ ማንን ለማስደሰት ነው? ፍልስጤማዊቷ ኡድ ተጫዋች ካሚሊያ ጁብራን ከስዊሱ ቬርነር ሃስለር ጋር የሠሩትን ስማ፣ ኤሌክትሮኒኩ ኡዱን ቦታ አይነፍገውም። ሦስተኛዋን ለኡዱ ተውለት፣ አንተ ዶ እና ሶልን ብቻ ያዝ

የሰርግ ኪቦርድ፦ ደረቅ ያለው ይሠራል። ግን ፓዱ ዜማውንም ከተከተለ እንዲህ አድርግ፣ የሲንቱን ትራክ ኮፒ አድርገህ ኮፒውን በሙሉ 50 ሴንት አውርደው፣ ከዛ የሚ እና የሲ ኖታዎችን ከመጀመሪያው ትራክ ቆርጠህ ኮፒው ላይ ለጥፍ፣ ሌላውን አትንካ። በፒች ቤንድማ ዶውም ሶሉም አብሮ ነው የሚወርደው ለዛ ነው የባሰብህ። እና 50ን እንደ ሕግ አትያዘው፣ ኡድ ተጫዋቹን ሲካህ ላይ ጣቱን አቁሞ እንዲመታ ንገረውና በጆሮህ አስጠጋ። አብልተን 12 ቅኝት መቀየሪያ አለው ግን ለነገ ብለህ አፕዴት እንዳታደርግ አደራ!!

የሻርጃው፦ ዶና ሶል ብቻ ሳደርገው ማፋጨቱ ጠፋ!!! ኮፒውንም ሞከርኩት፣ 50 ላይ ትንሽ ዘቀጠ፣ 38 ላይ ኡድ ተጫዋቹ እሺ ብሎ ራሱን ነቀነቀልኝ። ሁለተኛው ዘፈን ግን ባያቲ የሚባል መቃም ነው፣ ከሬ የሚነሳ፣ ያው ነው?

የሰርግ ኪቦርድ፦ አይደለም። ባያቲ ሚን ከራስቱም ትንሽ ዝቅ አድርጎ ነው የሚይዛት፣ እንደገና በጆሮ። ሲ ደግሞ ቤሞል ናት፣ ወደ ዋናው ትራክ መልሳት። አዳራሹ ውስጥ ኤሲ ካለ ኡዱን ቀደም ብላችሁ አስገቡት፣ ክሩ ከሙቀት ሲገባ ቅኝቱ ይሸሻል ከዛ 38ህም ዋጋ የለውም

ሳቂታው፦ ሻርጃው እንዴት ሆነ? ሦስት ቀን አለፈ

ቦሌ ሚክስ፦ አውቶቲዩን ጭኖ ይሆናል