«የሆቴል ሙዚቃ» ብሎ ነገር ምንድነው?

የጦሳ ልጅ፦ ትላንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንዱ ወንድማችን ስለ አሜሪካው ሮክ ባንድ «ኪንግስ ኦፍ ሊዮን ከ2008 ወዲህ የሆቴል ሙዚቃ ነው የሚጫወቱት፤ ለገንዘብ ተሸጠዋል» ብሎ ጻፈ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስንቱ ላይክ አደረገለት! በጣም ነው የተናደድኩት። ሦስት ወንድማማቾችና የአጎታቸው ልጅ ናቸው። አባታቸው ሰባኪ ነበር፤ በመኪና ከቤተ ክርስቲያን ቤተ ክርስቲያን ሲያዞራቸው ነው ያደጉት። በ2003 የመጀመሪያ አልበማቸው ሲወጣ አሜሪካ ዞር ብሎ አላያቸውም። ያነሳቸው እንግሊዝ ነው። ለፍተው ለፍተው አራተኛው አልበም ሰመረላቸው። ሰው ሲሳካለት «ተሸጠ» የሚባለው ለምንድነው?

የሆጤው፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አሁንም እደግመዋለሁ። የመጀመሪያውን አልበም ክፈት። ጊታሩ ደረቅ ነው፣ ኤኮ የለበትም፣ አጠገብህ ቁጭ ብሎ የሚጫወት ነው የሚመስልህ። ዘፋኛቸው ኬሌብ ቃሉን እያኘከ ነው የሚዘፍነው። ግማሹ አይሰማም፤ ግን ታምነዋለህ። ከዛ የ2008ቱን፣ አራተኛውን አልበም ክፈት። ጊታሩ ሪቨርብ በሚሉት ኤኮ ውስጥ ገብቷል። አዝማቹ ሁሉ አዳራሽ ሙሉ ሰው አብሮ እንዲጮህለት የተሠራ ነው። ማንንም ላለማስቀየም የተሠራ ሙዚቃ የሆቴል ሙዚቃ ነው።

ኪቦርዲስቱ፦ እኔ እዚሁ ደሴ ሆቴል ነው የምጫወተው። ልጆቼን የማሳድገው በሆቴል ሙዚቃ ነው። ማንን ነው የሰደብከው?

የሆጤው፦ ጋሼ፣ እርስዎን አላልኩም። ስለ ፈረንጆቹ ነው የማወራው።

ኪቦርዲስቱ፦ ስለ ፈረንጆቹ ከሆነ በፈረንጆቹ ቃል ስደባቸው። ለእነሱ መስደቢያ የኔን እንጀራ ነው ያነሳኸው። ስማ፣ ሠርግ ላይ በባቲ ቅኝት ስንጫወት ጊታሪስታችን ድምፁን የሚያሻክረውን ዲስቶርሽን ይከፍታል። ልጅ ነው፣ ሮክ ይወዳል። አስተናጋጁ መጥቶ በጆሮዬ «አባቶች ተቸግረዋል፣ ቀንሱ» ይለኛል። እንቀንሳለን። ስንቀንስ ባቲው ይሰማል። ጥግ የተቀመጡት እናቶች ማጨብጨብ ይጀምራሉ። ይሄ መሸጥ ነው?

ሰዓዳ ከኮምቦልቻ፦ ወላሂ ሁለታችሁም አንድ ነገር ዘላችኋል። እነዚህ ልጆች በ2005 ዩቱ የሚባለውን ትልቅ የአየርላንድ ባንድ ኮንሰርት እየከፈቱ ዞረዋል። እንደዛ ባለ ትልቅ ቦታ ፈጣንና ደረቅ ጊታር ይበተናል። ቦታውን የሚሞላው ረጋ ያለና ኤኮ ያለው ድምፅ ነው። ለውጡ የ2007ቱ ሦስተኛ አልበም ላይ ይሰማል። በ2008 ዱብ ያለ ነገር አይደለም። መድረኩ ነው የቀየራቸው።

የሆጤው፦ መድረክ ሰፋ ተብሎ ዘፈን ይቀየራል እንዴ እህቴ? ይሄ እኮ የኔን ክርክር ነው የሚያግዘው። ለሰው ብዛት ብለው ነው ያለሰለሱት። በ2010 የዓመቱን ምርጥ ሪከርድ ግራሚ ወሰዱ። ይውሰዱ። የኔ ባንድ ግን አይደሉም።

የጦሳ ልጅ፦ ገንዘብ ቢሆን ኖሮ የሚያሳስባቸው «ግሊ» የሚባለው የቲቪ ድራማ ዘፈናቸውን ሲጠይቅ እምቢ አይሉም ነበር። የድራማው ፈጣሪ በአደባባይ እስኪናደድባቸው ድረስ እምቢ ብለዋል። የተሸጠ ሰው እንዲህ ያደርጋል?

የሆጤው፦ እምቢ በማለታቸው አከብራቸዋለሁ። አልበሙ ግን ያው አልበሙ ነው። እኔ የምሰማው ድምፁን ነው።

የባቲ ሰኞ፦ እናንተ ልጆች፣ እነሱ አገር፣ አሜሪካ ቴነሲ ድረስ ምን አስኬዳችሁ? የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን በደርግ ጊዜ የአገሬውን ዘፈን ለመድረክ እንዲመች አድርጎ ነው ያቀረበው። ልብሱም ተመሳሳይ፣ ጭፈራውም በልክ። ማሪቱ ለገሰ የወጣችው ከዛ ነው። አምባሰሏን ስትሰማ «ተሸጠች» ትላለህ?

የሆጤው፦ የማሪቱን ስም እዚህ ጭቅጭቅ ውስጥ አያስገቡብኝ። ማሪቱ አምባሰል ስትዘፍን ድምጿ ነው የሚመራው። እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል፤ ግጥሙ አንጀት ይበላል። ማንም አላለሰለሳትም።

ሰዓዳ ከኮምቦልቻ፦ ቆይ ቆይ። ኬሌብን የወደድከው ቃሉ ስለማይሰማ ነው። ማሪቱን ደግሞ ቃሏ ስለሚሰማ። የቱ ነው ልክ?

የሆጤው፦ ሁለቱም። ሁለቱም እኔን ለማስደሰት ብለው አልዘፈኑም።

ሰዓዳ ከኮምቦልቻ፦ ማሪቱ ሕዝብ ለማስደሰት አልዘፈነችም?! ይሄን ደሴ ፒያሳ ላይ ቆመህ በለው እስቲ።

የጦሳ ልጅ፦ የኛው ሮክ ባንድ ጃኖ በ2012 «ኤርታሌ» የሚለውን አልበም ሲያወጣ ፕሮዲውሰሩ አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ነበር። አማርኛ ሮክ በዛ ደረጃ! እዚህ አገር ስንቱ «ጩኸት ነው» አለ። ሲጮሁ ጩኸት፣ ሲለሰልሱ ተሸጡ። ባንድ የት ይግባ?

የሆጤው፦ እኔ ጩኸት አላልኩም። ካሴት ቤት ለካሴት ቤት እየዞርኩ ሳፈላልገው ነበር።

ኪቦርዲስቱ፦ «የሆቴል ሙዚቃ» ያልከውን እስካሁን አላነሳህም።

የሆጤው፦ ጋሼ፣ ቅር አይበልዎት። ግን አላነሳም። ሙዚቃው የሚያስተናግድ እንጂ የሚናገር ካልሆነ ሌላ ስም የለኝም።

የባቲ ሰኞ፦ በዚህ እንኳ ልጁ እውነት አለው። የአንቺሆዬን ቅኝት በኪቦርድ ሲጫወቱት ድምፁ ይበላሻል። መሰንቆ መቺው በጣቱ የሚያገኛት ድምፅ ኪቦርድ ላይ የለችም፤ በሁለት ቁልፍ መሀል ናት። ሠርጉ ሁሉ በዛ ኪቦርድ ነው የሚጨፍረው።

ኪቦርዲስቱ፦ አሁን ደግሞ ወደ እኔ ዞራችሁ? ፒች ቤንድ የሚባል የድምፅ መጎተቻ አለ እኮ፤ በእጄ እየጎተትኩ ነው የማወጣት። መሰንቆ መቺም ጠፍቶ አይደለም። ባለ ሠርጉ «ስንት ሰው ናችሁ?» ብሎ ነው የሚጀምረው። አንድ ሰው ስጨምርበት ሌላ ባንድ ይጠራል። እርስዎ ልጅዎን ሲድሩ በመሰንቆ ነው የዳሩት?

የባቲ ሰኞ፦ አዎ፣ በመሰንቆ።

ኪቦርዲስቱ፦ ማታውንስ?

የባቲ ሰኞ፦ የማታው የልጆቹ ነው፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ሰዓዳ ከኮምቦልቻ፦ እንዴት ሌላ ጉዳይ ይሆናል? ጉዳዩ እኮ እሱ ነው!